ሃያ ወረዱ

ሃያ ሴቶች በአንድ ረድፍ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። የማለዳው ጉም ከጉልበታቸው በታች ያለውን ሁሉ ውጦት ስለነበር ከላይ ለሚያያቸው እግር የሌላቸው ይመስሉ ነበር። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ቋጥረዋል። ከኋላቸው ቆጣሪዋ ትከተላለች።

“አንድ!” ስትል ሃያ ግራ እግር ጭቃው ላይ ያርፋል። “ሁለት!” ስትል ሃያ ቀኝ እግር።

ሥራዋም ስሟም ቆጣሪ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከልጇ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ልጇም ብትሆን “እማዬ” እያለች ስለምትጠራት ያ ስም ሥራ ከፈታ ሰንብቷል። ኩሬ ሲቆፈር ወለሉ ውሃ እንዳያሰርግ በሸክላ ጭቃ ይለበጣል፤ ጭቃው ካልተረገጠ ደግሞ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በበሬ የሚያስረግጡ አሉ። በሬ ግን ሲደክመው ይቆማል፣ ሲያሰኘው ደግሞ በረገጠበት ላይ ሌላ ነገር ይጨምራል። ስለዚህ ደህና ኩሬ የፈለገ ባለርስት ሁሉ ወደ ቆጣሪዋና ወደ ሴቶቿ ይልካል።

ከአፋፉ ላይ፣ መደገፊያው ከፍ ባለ ወንበር፣ የሱፍ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ያደረጉ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የቤቱ ትልቋ እመቤት ናቸው፤ የሻለቃው አክስት። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው።

“ስንት ናችሁ?” አሉ እንደ ልማዳቸው።

“ሃያ ነን፣ እሜቴ።”

“ከነአንቺ?”

“ቆጣሪ ራሷን አትቆጥርም፣ እሜቴ።”

“ጥርሳችንንም አብረው ይቁጠሩልን!” አለች ከረድፉ ውስጥ አንዷ ቀልደኛ። “የሁለታችን ሲደመር የአንድ ሰው አይሞላም!” ሴቶቹ ሳቁ። አሮጊቷ አልሳቁም። ማታ ማታ ደግሞ “ስንት ወጣችሁ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ “ሃያ” ሲባሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቤት ይገባሉ። ሴቶቹ ነገሩን የእርጅና ጨዋታ አድርገው ይዘውታል። ቆጣሪዋ ግን ጥያቄው ደስ ብሏት አያውቅም።

ሻለቃው ከሹመቱ ከተነሳ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ወደ ቦታው ሊመልሰው የሚችለው አንድ ሰው፣ ጄኔራሉ፣ በነገው ቀን በሠረገላ መጥቶ ምሳ ይበላል። ሻለቃው የግብዣውን ደብዳቤ ሲጽፍ “ከበረንዳዬ ፊት ያለውን ሐይቅ አብረን እናያለን” ብሏል። ደብዳቤው ሲላክ ከበረንዳው ፊት የነበረው ሣር የበቀለበት ጎድጓዳ መስክ ብቻ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በቀለም የወጣው ደግሞ ከአፋፍም አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ቁፋሮው በጥድፊያ አልቆ ዛሬ ልክ በስድስት ሰዓት የቦዩ መዝጊያ ሊነሳ፣ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ሊሞላ ታስቧል። የቀረው የወለሉ ግማሽ ነበር።

በጉድጓዱ መሐል አንድ ያልተነካ የአፈር ዓምድ ቆሟል፤ ውፍረቱ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው፣ ቁመቱ ስምንት ክንድ። አናቱ ላይ የድሮው መስክ ሣር እንዳለ አለ። ቆፋሪዎች ኩሬ ሲቆፍሩ እንዲህ ያለ ዓምድ ይተዋሉ። ምን ያህል ጥልቀት እንደወረዱ የሚለካው ከእሱ ነውና፣ በባለርስትና በቆፋሪ መካከል ጠብ ሲነሳ ያስታርቃል። “ሽማግሌው” ይሉታል። ሥራው ሁሉ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ልኬቱ ከጸደቀ በኋላ ሽማግሌው ይጣላል። እሱን የሚጥለው የቆፋሪዎቹ አለቃ ራሱ ነው፤ እሱ ሳይጥለው ሥራ አለቀ አይባልም፣ መሣሪያም አይታጠብም።

እዚህ የቆፋሪዎቹ አለቃ አባ ልክ የሚባሉ ሰው ናቸው። ሁሉን ነገር በክንዳቸው ይለካሉ፤ ሚስታቸውን ሲያጩ እንኳ ቁመቷን በክንድ ለክተዋል ተብለው ይታማሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሐሜቱ እሳቸው ዘንድ አልደረሰም።

“አንድ! ሁለት! አንድ! ሁለት!”

ረድፉ ከጉድጓዱ ዳር ተነስቶ ወደ ሽማግሌው እየቀረበ ሄደ። በረድፉ ጫፍ የቆመችው የቆጣሪዋ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጭቃ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ። እናቷ እዚህ ሥራ ውስጥ እንዳትገባ ስትከላከል ኖራ በዚህ ዓመት ተሸንፋለች። አንድ ልጅ ናት። ቆጣሪዋ ሌላ የላትም፣ ሌላም አልነበራትም።

“ቁሙ!”

ሃያዎቹ ቆሙ።

ድም።

አንድ ምት ከእግራቸው በታች መጣ። ቆጣሪዋ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አየች። እግሯን ያነሳች የለችም።

“ማናት የዘገየች?”

“እማዬ፣ ከእኛ አይደለም” አለች ልጇ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ከታች ነው።”

ፈራች። ግን ሃያ ሴት ፊቷን እያየች ነው። “ገደል ማሚቶ ነው” አለች። “እንቀጥል። አንድ!”

ቀጠሉ። ሐሳቧ ግን እንቢ አለ። ገደል ማሚቶ የሚመልሰው ከፊት ለፊት ገደል ሲኖር ነው። ከእግር በታች የሚመልስ ከሆነ፣ ከእግር በታች ያለው ባዶ ነው ማለት ነው። ሆን ብላ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ “ቁሙ!” አለች።

ድም። ድም። ድም። ድም።

ሴቶቹ ቆመዋል። ከታች ያለው ግን በእሷ ቆጠራ፣ በእሷ ፍጥነት፣ ትምህርቱን እንደያዘ ተማሪ ብቻውን አራት ጊዜ ረግጦ አቆመ።

“እማዬ” አለች ልጇ እንደገና። አንድ እግሯን አንስታ ተረከዟን እያሻሸች ነው። “እዚህ ጋ ጠንካራ ነገር አለ። ቆረጠኝ።”

ቆጣሪዋ ሄዳ ተንበረከከች። ጭቃውን በእጇ ጠረገችው። ከስር የወጣው ደረቅና ጠንካራ አፈር ነው፤ ጠርዙ ክብ። እጇን እያዞረች ተከተለችው። ውፍረቱ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው። አናቱ ላይ የሆነ ነገር በጣቶቿ መካከል ገባ፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ እርጥብ፣ የሰው ፀጉር የመሰለ። ጎትታ አየችው። ሣር ነው። ከነሥሩ የበሰበሰ የመስክ ሣር።

ለረጅም ጊዜ ተንበርክካ ቀረች። ስምንት ክንድ ወደ ታች፣ ከሽማግሌው እግር ስር፣ ሌላ ሽማግሌ ቆሟል።

“ሁላችሁም ወደ ዳር!” አለች ስትነሳ። “ከግድግዳው ስር ያዙ። እንዳትረግጡ፣ እንዳትሮጡም። አባ ልክን ጥሩልኝ።”

አባ ልክ አካፋቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ወረዱ። ቦታውን ሲያዩ ዓይናቸው ሸሸ። ቆጣሪዋም ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

“መቼ አዩት?”

“ምኑን?”

“አባ ልክ፣ እባክዎ በእኔ አይጫወቱ።”

“ሦስት ቀን ሆነው” አሉ በመጨረሻ። “ድንጋይ ነው ብዬ ጭቃ አለበስኩት።”

“ድንጋይ ሣር ያበቅላል?”

“ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው፣ እህቴ።”

“አልነቀዘም። ሸተተ እንጂ።”

ሽማግሌው ሰው አካፋቸውን ጭቃው ላይ ጥለው እጃቸውን አዩ። “አፈሩ እንደ ዱቄት ነበር” አሉ። “የወር ሥራ በአሥራ ሁለት ቀን አለቀ። ልጆቹ እየዘፈኑ ቆፈሩ። አርባ ዓመት አፈር ስቆፍር የኖርኩ ሰውዬ፣ ለስላሳ አፈር ማለት አንድ ጊዜ የተቆፈረ አፈር መሆኑን አጣሁት? አላጣሁትም። ማወቅ አልፈለግሁም። የሽማግሌ አናት ከመሬት እኩል ነው የሚሆነው። ይኼኛው እዚህ ድረስ ከወረደ፣ ወለሉ ነው ከነእሱ ቁልቁል የሄደው። በቁሙ ነው የወረደው።” ቀና ብለው የላይኛውን ዓምድ አዩ። “ደግሞም አልተጣለም።”

ሌላውን መናገር አላስፈለጋቸውም። ሰዎቹ ወጥተው ቢሆን ሽማግሌው ይጣል ነበር።

ቆጣሪዋ ያን ጊዜውኑ ሴቶቹን ማውጣት ነበረባት። ይህን ዕድሜ ልኳን ለራሷ ስትለው ኖራለች። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ጌታው ፈቃድ ሥራ አቋርጣ አታውቅም፤ ልማድ ከፍርሃት ይበልጣል። መውረጃውን እየተንሸራተተች ወጣች፤ አባ ልክም ተከተሏት።

ሻለቃው ከአክስቱ ወንበር አጠገብ የወታደር ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ የኪስ ሰዓቱን ከፍቶ ቆሟል። ከወደ ቦዩ ጉሙ ውስጥ መዝጊያውን የያዘው ሰው ፉጨት ይጠብቃል።

“ስንት ቀረ?”

“ግማሹ፣ ጌታዬ። ነገር ግን ከስር ባዶ ነው። ከዚህ በፊት ተቆፍሯል። የድሮ ሽማግሌ አገኘን።”

ሻለቃው ፈገግ አለ። “ሽማግሌ ከሆነ ወንበር ስጡት።”

“አያትህ ነው ያስቆፈረው” አሉ አሮጊቷ።

ፈገግታው ቆመ። “አክስቴ፣ ብርድ ነው፤ ይግቡ። ይኼ የእርስዎ ህልም ነው።”

“እኔ ዕውር እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። በስድስት ዓመቴ ደግሞ ዓይንም ነበረኝ።” ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ሰባ ዓመት ሲለማመዱት የኖሩት ይመስላል። “ያን ጊዜም እንግዳ ሊመጣ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ወረዱ። አባቴ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ‘ቁጠሪ’ አለኝ፤ ቁጥር ያስተምረኝ ነበር። አንድ ብዬ አሥራ ዘጠኝ አደረስኩ። ከዚያ ወለሉ ከነሰዎቹ ከነዓምዱ ቁልቁል ሄደ፤ ሲሄድ እንደ በር ቀስ ብሎ ነው የሄደው። አልሞቱም። ከስር ሲደበድቡ ሦስት ቀን ሰማኋቸው፤ ተራ ይዘው፣ ድም፣ ድም። የመንደሩ ሰው ገመድ ይዞ መጣ። አባቴ እንግዳው ሊደርስ ነው ብሎ ግንድ አስረብርቦ አፈር አስሞላበት። ሣር አስተከለበት። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ሲወርዱ እንጂ ሲወጡ አልቆጠርኳቸውም።”

የሻለቃው ፊት ነጣ። አመነ። ቆጣሪዋ ማመኑን በዓይኗ አይታለች፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታ ያላደረገችለትም ለዚህ ነው። ሰዓቱን አየ፣ ወደ ቤቱ በረንዳ አየ፣ ሰዓቱን ከደነው።

“ሰባ ዓመት የተኛ አፈር እስከ ነገ ይተኛል” አለ። “ውረጂና አስጨርሺ። አንዲት ሴት ከስድስት ሰዓት በፊት ብትወጣ ከእንግዲህ የየትኛውም ርስት በር አይከፈትልሽም።”

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል። የዚህ ውሃ ሥሩ ምን እንደሆነ አሁን ሁሉም ሰምቷል። ቆጣሪዋ ጉሙ ውስጥ ወደ ታች አየች። ልጇ አትታይም።

“እሺ፣ ጌታዬ” አለች።

ሄደች። መውረጃው አናት ላይ ስትደርስ ግን አልወረደችም። የተጠቀለለውን ገመድ አነሳች፣ አንዱን ጫፍ ወደ ታች ወረወረች፣ ሌላውን በትከሻዋ ላይ አዙራ በወገቧ አሰረችው። ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተከለች። የጭቃ ረጋጮች ወግ እንዲህ ነው። መውረጃው ስለሚያንሸራትት በገመድ ይወጣል፤ ገመዱም በችካል አይታሰርም። ችካል ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ አያውቅም። የቆጣሪ ትከሻ ያውቃል።

“ገመድ!” ብላ ጮኸች።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አለ ሻለቃው።

“እየቆጠርኩ ነው፣ ጌታዬ። አንድ!”

ገመዱ ተወጠረ። አንዷ እያለከለከች ወጥታ በጎኗ አለፈች። “ሁለት! ሦስት!” እያንዳንዷ ስትይዝ ገመዱ ትከሻዋን ይነክሳል፣ ስትወጣ ይላላል። ሻለቃው መጮህ ጀመረ፤ አባ ልክ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእሱና በቆጣሪዋ መካከል ቆሙ። በዕድሜያቸው ጌታን አግደው ሲቆሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ግን አልተነቃነቁም። “አሥራ ሰባት! አሥራ ስምንት!” ቀልደኛዋ እያለቀሰች አለፈች። “አሥራ ዘጠኝ!” ከዚያ አንድ ቀላል ክብደት መጣ። በወጉ መሠረት ታናሿ መጨረሻ ትወጣለችና ማን እንደሆነች ቆጣሪዋ ዞራ ማየት አላስፈለጋትም።

“ሃያ!” አለች።

የልጇ ቀዝቃዛና ጭቃማ እጅ ክንዷን ያዘ። “ወጣሁ፣ እማዬ። ከኋላዬ ማንም የለም።”

ቆጣሪዋ ቋጠሮውን ልትፈታ እጇን ወደ ወገቧ ላከች።

ገመዱ ተወጠረ።

እንደ ሴቶቹ አልነበረም። ከባድ ነው፤ የወንድ ክብደት፣ ያውም እርጥብ ልብስ የለበሰ ወንድ። ተረከዟ ሣሩን እየቀደደ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

“ከኋላዬ ማንም የለም!” አለች ልጇ። ወደ ጉድጓዱ ልትዞር ስትል እናቷ በክርኗ አገደቻት።

“ወደ ኋላ አትዪ።”

ሻለቃው ግን አይቷል። ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የተወጠረውን ገመድ፣ ጫፉም ላይ ማንም አለመኖሩን አይቷል። “ልቀቂው!” አለ። ቁጣው ሁሉ ጠፍቶ የሕፃን ድምፅ ነበር። “ልቀቂው፣ ይጎትቱሻል!”

መልቀቅ ፈልጋ ነበር። ሰውነቷ ሁሉ ልቀቂ ይላታል። ነገር ግን ትከሻዋ ይህን አጎታተት ያውቀዋል፤ እየጎተተ የሚያወርድ አይደለም፣ እየያዘ የሚወጣ ነው። ጠንከር፣ ላላ። ጠንከር፣ ላላ። የደከመው ሰው እንደሚወጣው። ያን ጊዜ የመንደሩ ሰው ገመድ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አፋፉ ላይ ቆሞ ገመዱን እንዲይዝላቸው ግን ማንም አልተፈቀደለትም።

“ሃያ አንድ” አለች።

አንድ ነገር በጎኗ አለፈ። የሚታይ አልነበረም። የአሮጌ ሸክላ ሽታ ነበረው፣ ብርድም ነበረው። ፊት ለፊቷ ያለው ሣር ላይ ጤዛው በሰው እግር ልክ ረገፈ፤ አንድ፣ ቀጥሎም አንድ፣ ወደ አሮጊቷ ወንበር አቅጣጫ። አሮጊቷ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ፣ መንገደኛ እንዲያልፍ እንደሚደረገው እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

“ሃያ ሁለት።”

ልጇ ከእናቷ ፊት ሄዳ የገመዱን ትርፍ በራሷ ትከሻ ላይ አዞረችና ተረከዟን ተከለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ይዘውታል፣ አብረውም ይቆጥራሉ። ሴቶቹ በግንባራቸው ተደፍተዋል። አባ ልክ አንድ የሚያውቁትን ሰው እንደሚጠብቁ ሁሉ ጤዛው ላይ የሚወጣውን እግር እያንዳንዱን ያያሉ። ሠላሳ ላይ የቆጣሪዋ ትከሻ ደማ። ሠላሳ አምስት ላይ ገመዱ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቀረ፤ የዛለው ሰው ማረፉ ነው። ጠበቁት። ቀጠለ።

“ሠላሳ ስምንት” አሉ እናትና ልጅ።

“ሠላሳ ዘጠኝ።”

ገመዱ ላላ። የባዶ ገመድ ክብደት ብቻ ሆነ። ቆጣሪዋ ያን ጊዜ ነው ዞራ ያየችው። ከጉድጓዱ ግርጌ አንድ ረጅም የግንድ ስንጥቅታ ተሰማ፤ ቀጥሎ ወለሉ፣ ሸክላው፣ የላይኛው ሽማግሌና የታችኛው ሽማግሌ በአንድነት ቁልቁል ሄዱ፤ እንደ በር ቀስ ብለው። ጉሙ ተከትሏቸው ገባ። አየሩ ሲጠራ ከአፋፉ ማዶ የሻለቃው ቤት ከነበረንዳው ቁልጭ ብሎ ታየ፤ በመካከሉ ጨለማ ብቻ ነበር። ሻለቃው ሣሩ ላይ ተቀምጧል። የኪስ ሰዓቱ እጁ ውስጥ ይቆጥራል፤ እሱ አያየውም።

አባ ልክ አካፋቸውን ፈለጉ። ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። “ወደቁ” አሉ፤ ሥራ እንዳለቀለት ሰው በረጅሙ ተነፈሱ።

“ቆጣሪዋ!” አሉ ትልቋ እመቤት።

“አቤት፣ እሜቴ።”

“ስንት ወጣችሁ?”

በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቁጥር ዋሽታ አታውቅም። ልጇን አየች፤ ልጇም እሷን።

“ሠላሳ ዘጠኝ፣ እሜቴ።”

የአሮጊቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ከሃያ ጀምረው ወደ ላይ እየቆጠሩ ነበር። ሲጨርሱ የሱፉን ብርድ ልብስ ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አጠፉት፤ ክንዳቸውንም ለቆጣሪዋ ዘረጉላት።

“ወንበሩን አንሱት” አሉ። “ከእንግዲህ እዚህ አልቀመጥም።”